አምስት ከአምስት

ጉዞው በሚያበቃበት ጧት፣ መንገደኞቹ ቁርስ ላይ ሳሉ፣ በእያንዳንዱ አልጋ ላይ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ይቀመጣል። ወረቀቱ ስለ ምግቡ፣ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ካፒቴኑ፣ ስለ አስጎብኚውና ስለ ጀልባ ነጂዎቹ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣል። ከግርጌው «በጉዞው ያደረብዎት ስሜት» የሚል ርእስና አራት ባዶ መስመሮች አሉ። ዶን ኤውስታኪዮ ቪያማር ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራበት የባሕረኛ ደብተር አደጋ ላይ የወደቀው ከእነዚያ አራት መስመሮች በመጣ ነገር ነው።

ወረቀቶቹ በፖስታ ታሽገው ለኩባንያው ቢሮ መድረስ አለባቸው። ደንቡ ይህ ነው። ልማዱ ግን ሌላ ነበር። በእኛ መርከብ፣ በ«ላ ፓርዴላ»፣ ፖስታውን የሚከፍተው ሼፉ ክሌቨር ነበር። ከሚፈላ ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ ይይዘውና ሙጫው ሲለሰልስ በቢላ ጫፍ ፈልቀቅ ያደርገዋል። የቀድሞዎቹ መንገደኞች ወደ አውሮፕላን ሄደው አዲሶቹ እስኪመጡ ባሉት ሁለት ሰዓታት፣ አሥራ አንዳችንም ወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተጠጋግተን ስለ ራሳችን የተባለውን እንሰማለን።

ሳቅ ይበዛል እንጂ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የነጥቡ አማካይ ከአራት ተኩል በታች ለወረደበት ሰው ለሚቀጥለው ወር ስልክ አይደወልለትም። ማንም አያባርረውም፤ ስልኩ ብቻ ዝም ይላል።

ነሐሴ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ክሌቨር አንዱን ወረቀት ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየኝ።

«ሊሳንድሮ፣ ላንተ የፍቅር ደብዳቤ መጥቶልሃል።»

«አንብበዋ፣ ምን ታሽኮረምመኛለህ?»

«‹አስጎብኚው እውቀት አለው። ነገር ግን እንደ አንደኛ ደረጃ ተማሪ በሰልፍ ያስኬደናል። አርባ ዓመት በጀልባ የተመላለስኩ ሰው ነኝ። ሚስቴ ፊት ቦርሳዬን ከእጄ ነጠቀኝ።›» ቀና ብሎ ጣቶቹን አሳየን። «ሦስት!»

«ሦስት?» አለ የመርከቧ ሞተረኛ። ወዲያው ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ክንዶቹን ደረቱ ላይ አጣጠፈ። «መምህር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅሁ፤ ከመሳቅ ሌላ ምን ይደረጋል? ያልሳቀው ዶን ኤውስታኪዮ ብቻ ነበር። ሽንኩርት ከበዛበት የዓሣ ሾርባው ቀና ሳይል፣ «ቦርሳውን መቀበልህ ልክ ነው» አለኝ። «ሦስቷን ዋጥ አድርጋት። እኔ ሁለትም አግኝቼ አውቃለሁ።»

ዶን ኤውስታኪዮ የፓንጋ አለቃችን ነበር። ፓንጋ የምንለው መንገደኛ ከመርከብ ወደ ደሴት የምናደርስበትን የጎማ ጀልባ ነው። ያንድሪ የሚባል ጎረምሳ ሞተሩን ይይዛል፤ ዶን ኤውስታኪዮ ከፊት ቆሞ ሰዉን አንድ በአንድ ያወርዳል። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ አጭር፣ ክንደ ደንዳና። ሰማያዊ የባሕረኛ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ይይዛታል። ፎቶግራፉ ላይ ጥቁር ጢም ያለው ሰው አለ። ያቺ ደብተር ከሌለች በእኛ ደሴቶች ማንም ሰው ሥራ ብሎ ባሕር ላይ አይወጣም፤ ሌላ ሥራ ደግሞ ዶን ኤውስታኪዮ አያውቅም።

በዚያው ቀን ቢሮውን የምትመራው ወይዘሮ ኢቬት በሬዲዮ ጠራችኝ። ፖስታው ገና አልደረሳትም፤ ሰውየው ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው ደውሎ ነግሯታል።

«ሊሳንድሮ፣ የኔ ልጅ፣ እውቀትህን ማንም አልካደም። ጓያኪል ድረስ ሄደህ ተምረሃል። ግን እነዚህ ሰዎች ሕፃናት አይደሉም።»

«እሜቴ፣ እጅ ባዶ መሆን አለበት እኮ። መውረጃው ላይ—»

«አውቃለሁ። አውርዳቸው፣ ግን ሲወርዱ ደስ ይበላቸው። ባለፈውም አንድ ሦስት ነበረችህ። ሦስተኛዋን እንዳታሳየኝ።»

ክፉ ሴት አይደለችም። እሷም ከላይዋ ቁጥር የሚጠይቃት ሰው አለ።

ሚስተር ዊሌምና ባለቤቱ ወይዘሮ አኔከ የመጡት በሚቀጥለው ጉዞ ነበር። ከሆላንድ፤ እሱ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ። ረጅምና ጎበጥ ያለ፣ ሰው ሲያናግረው ጆሮውን እንጂ ዓይኑን የማይሰጥ ሰው። ሁለቱም ከእንግዲህ በትልቅ መርከብ ላለመሄድ የማሉ ነበሩ።

«በትልቁ ላይ» አለን በመጀመሪያው እራት፣ «ሚስቴን ሁለት ሰዓት ፈልጌ አጣኋት። ሦስት ሺህ ሰው! በድምፅ ማጉያ አስጠራኋት። ሌላ አኔከ መጣች።»

«ቆንጆ ነበረች» አለች ወይዘሮ አኔከ። «ሊቀይረኝ አስቦ ነበር።»

«እዚህ ግን ሼፉ ገና በመጀመሪያው ቀን ሽንኩርት እንደማልወድ ያውቃል። ስሜን ያውቃል። ስደርስ ትኩስ ፎጣ ይዞ የጠበቀኝ ሰው አለ። እናቴም እንዲህ አላደረገችልኝም።»

እውነቱን ነበር። አሥራ ስድስት መንገደኛ ብቻ የሚጭን መርከብ ላይ ሰው ስም አለው። እኛም ስማቸውን እናጠናለን፤ ማን ሽንኩርት እንደማይወድ፣ ማን ሲነቃ እንደሚነጫነጭ እናውቃለን። በሦስተኛው ቀን የራሳችን ዘመዶች ይመስሉናል። የሚያሳስተንም ይህ ነው፤ ዘመድን እንቢ ማለት ይከብዳል።

በዚያው ምሽት እንደ ወትሮው ከዶን ኤውስታኪዮ ጋር መንገደኞቹ ፊት ቆመን የባሕረኛ አያያዝን አሳየናቸው። መዳፍ ለመዳፍ አይደለም። የኔ ጣቶች ያንተን ክንድ ይይዛሉ፣ ያንተ ጣቶች የኔን። አንዱ ቢላላ ሌላው ይይዛል። ሁለቱም እጅ ባዶ ይሆናል፤ ካሜራም፣ ስልክም፣ ባርኔጣም ውሃ በማያስገባው ቦርሳ ገብቶ ደሴቱ ላይ ይመለሳል። ዶን ኤውስታኪዮ በእንግሊዝኛ የሚያውቃት አንዲት ሐረግ ይህችው ናት፦ «እጅ ባዶ፣ እባክዎ።» ሲናገራት ሁሌም ይስቁለታል፤ እሱም ይስቃል።

ማክሰኞ ፍሎሬያና ደሴት ላይ የሚስተር ዊሌምን ካሜራ ተቀብዬ ቦርሳው ውስጥ አስገባሁ። ትልቅ፣ ከባድ፣ ልጁ ለልደቱ የገዛችለት ካሜራ ነበር። ከጀልባ ወርደን ገና የቦርሳውን አፍ ስፈታ፣ ኩሬው ላይ የነበሩት ሰባት ፍላሚንጎዎች ተነሥተው በረሩ። ሌሎቹ በዓይናቸው ሸኟቸው። እሱ ቦርሳዬን ነበር የሚያየው።

«ስትከፍተው ሄዱ» አለ።

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወይዘሮ አኔከ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። እኔ በሆዴ «ሦስት» አልኩ። እንዲህ ማሰቤን አልክድም፤ የሰውየውን ኀዘን አይቼ መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጥር ነው።

ሐሙስ ጧት እስፓኞላ ደሴት ደረስን። በዚያ ወር ባሕሩ ግራጫ ነው፤ ካፊያው በቅጡ አይዘንብ፣ በቅጡ አያባራ። መውረጃው አጭር የጥቁር ድንጋይ ደረጃ ሲሆን ታችኛዎቹ እርከኖች አረንጓዴ የባሕር አረም ለብሰዋል። ማዕበሉ በሦስት በሦስት ነበር የሚመጣው። ሁለት ትናንሽ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ። ዶን ኤውስታኪዮ ሁለቱን ያሳልፍና ትልቁ ሲያርፍ አንድ ሰው ያወርዳል። በዚያች ጀልባ ከነበሩት ስምንት መንገደኞች አምስቱ እንዲህ ወረዱ፤ ወይዘሮ አኔከም ወርዳ ከእኔ አጠገብ ቆመች። እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ የተጋደመችውን የባሕር አንበሳ ግልገል እያጨበጨብኩ ለማስነሣት እሞክር ነበር። አልተነሣችም፤ ዓይኗን ከፍታ አየችንና አዛጋች።

ሚስተር ዊሌም በጀልባዋ ፊት ቆሞ ነበር። ካሜራውን ከመንሳፈፊያ ሰደርያው ሥር አወጣው። ቦርሳው ውስጥ አላስገባውም ነበር።

«ሊሳንድሮ» አለኝ፣ «እባክህ። ግልገሏ ቦርሳው እስኪከፈት አትጠብቅም። በእጄ ልያዘው? አንዲት ጊዜ ብቻ።»

ትንሽ ማዕበል አለፈ። ሚስቱ ወደኔ ዞረች። ፈገግ አለች፤ አንድ ሰው ለባሏ መልካም ሊሆን ሲል እንደምትል ሴት።

«እሺ» አልኩ። «ቀስ ብለው።»

ዶን ኤውስታኪዮ አየኝ። አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ለመቀበል የሚበቃ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን መለሰና ክንዱን ዘረጋ።

የሚስተር ዊሌም ቀኝ እጅ ካሜራውን ይዟል። ግራ እጁ ላይ መንገደኞች ለፀሐይ የሚያደርጉት ስስ ጓንት አለ። ማዕበሉ የጀልባዋን ፊት ሲያነሣው ካሜራውን ከፍንጣሪው ለማዳን ክንዱን ወደ ላይ ሰቀለ፣ ሰውነቱም ተጠመዘዘ፣ ክንድ የያዘው እጅ ወደ መዳፍ ተንሸራተተ። አንድ እግሩ አረሙ ላይ ነበር። ዶን ኤውስታኪዮ በሁለት እጁ ሊይዘው ጎነበሰ። እጁ ላይ የቀረው ጓንቱ ነው።

ሚስተር ዊሌም በጀልባዋና በድንጋዩ መካከል ወደቀ። የጀልባዋ ፊት ተመልሶ ወረደ።

አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አወጣነው። ያንድሪ ሞተሩን ወደ ኋላ እየሳበ ያለቅስ ነበር። ከመንገደኞቹ መካከል ሐኪም የሆነች ሴት ነበረች፤ የሚቻለውን ሁሉ አደረገች። መርከቧ ሐኪም ቤት ወዳለባት ወደ ሳን ክሪስቶባል ደሴት ዞረች። መንገዱ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ እሱ ሁለቱን ብቻ ነው የቆየው። ወይዘሮ አኔከ እጁን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ክሌቨር በር ላይ ቆሞ፣ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ፣ ትኩስ ፎጣ ይዞ ነበር።

ጉዞው እዚያው አበቃ። በማግስቱ ጧት የክፍል ኃላፊዋ ናርሲሳ በልማድ እጇ አሥራ ስድስት አልጋ ላይ አሥራ ስድስት ወረቀት አኖረች። በኋላ ስትነግረኝ ፊቷን ሸፍና ነበር። «እጄ ነው ያደረገው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለችኝ።

ወይዘሮ አኔከ ሞላችው። የተሰጣትን ነገር ሁሉ እስከ መጨረሻ የምትፈጽም ሴት ነበረች። ወደቡ ላይ፣ የሚወስዳት መኪና በሩን ከፍቶ ሲጠብቃት፣ ለአራት የታጠፈውን ወረቀት በመዳፌ ላይ አኖረችው።

«ስለ አንተ ጽፌያለሁ» አለችኝ። «ቢሮው እንዲያውቀው።»

ፖስታው ውስጥ መክተት ነበረብኝ። ክፍሌ ገብቼ አነበብኩት።

«አስጎብኚው፣ አምስት። ባለቤቴ በመጨረሻው ጧቱ ደስተኛ ነበር። ሌሎች እንደ ሕፃን ቆጥረው ካሜራውን ይቀሙት ነበር፤ ሊሳንድሮ ግን በእጁ ይዞ እንዲወርድ ፈቀደለት። ይህን ደግነት አልረሳም።»

የጀልባ ነጂዎች በሚለው ቦታ ቁጥር አልነበረም። የእርሳስ ነጥብ ብቻ ነበረች፤ ልትጽፍ ጀምራ የተወችው።

ካፒቴን ሮልዳን ሪፖርቱን የጻፈው በመመገቢያው ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔም ቃሌን ሦስት ዓረፍተ ነገር አድርጌ ጻፍኩ። ማዕበሉ ከፍተኛ ነበር። መንገደኛው ሲወርድ አዳለጠው። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ሦስቱም እውነት ናቸው። መንገደኞቹም የጻፉት ስለ ማዕበሉና ስለ ድንጋዩ ነው፤ ካሜራ በእጅ መያዝ ለእነሱ እንደ ጫማ ማድረግ ነውና ማንም አላነሣውም። ካሜራውም ከባሕሩ ሥር ነው። ካፒቴኑ፣ «የጀልባ ነጂው አያያዝ ላላ» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ወደ ዶን ኤውስታኪዮ አዞረው።

«ዶን ኤውስታኪዮ፣ ያልሆነ ነገር አልጻፍኩብዎትም።»

«አልጻፍክም» አለ። «ላልቷል።» ፈረመ። ደብተሩን ከሸሚዙ አውጥቶ፣ ላስቲኩን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። የወደቡ ሹም ጉዳዩን መርምሮ እስኪወስን በእሱ ቢሮ ትቆያለች ተባለ። ላስቲኩን አጣጥፎ መልሶ ኪሱ ከተተ።

እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ወረቀቷ የደረት ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጉዞ ሄድኩ። ያንድሪ በዶን ኤውስታኪዮ ቦታ ከፊት ቆመ። እኔ ከሰው ሁሉ እጅ ሁሉን ነገር ተቀበልኩ፤ ካሜራ፣ ስልክ፣ ባርኔጣ፣ አንዲት ሴት ይዛ የነበረችውን መሐረብ ሳይቀር። ድምፄን ግን አላነሣም ነበር፤ ቀልድም አልነበረኝም። ፖስታው ሲከፈት ክሌቨር ያለ ሳቅ አነበበልኝ። «‹አስጎብኚው ጸጥ ያለ፣ ጥልቅ ሰው ነው። ደሴቶቹን ከልቡ ይሰማቸዋል።› አምስት። አምስት። ይኼም አምስት።» ሞተረኛው ተነሥቶ ወጣ።

ምርመራው ሊደረግ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ፑዌርቶ አዮራ ወደብ ላይ ስናርፍ፣ ዶን ኤውስታኪዮ ቤት ሄድኩ። ከቀትር በኋላ ነበር። ግቢው ውስጥ በርሜል ላይ ተቀምጦ የሌላ ሰው የዓሣ መረብ ይጠግናል። የልብስ ገመዱ ላይ፣ በልጁ ቀሚሶች መካከል፣ አንዲት ስስ የግራ እጅ ጓንት በመቆንጠጫ ተንጠልጥላለች።

«አጠብኳት» አለ ሳያየኝ። «ለሴትየዋ ልልክላት አሰብኩ። አድራሻዋን ታውቃለህ?»

«ቢሮ ይኖራል።»

«ጠይቅልኝ። ቁጭ በል፣ ልጄ። ምነው እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ቆምክ?»

ተቀመጥኩ። ወረቀቷን አወጣሁና ተርጉሜ አነበብኩለት። መርፌው ቆመ። ጨርሼ ስመለከተው መረቡን ነበር የሚያየው።

«እና ይህን ይዘህ ሦስት ሳምንት ዞርክ» አለ።

«አዎ።»

«ከባድ ናት?»

ወረቀቷን አጥፌ መልሼ ኪሴ ከተትኳት። «ካሜራውን አይቻለሁ እኮ» አለ።

«አውቃለሁ። አይተውኛል። ለምን ዝም አሉ? ‹እጅ ባዶ› ቢሉት ያስቀምጠው ነበር።»

«መንገደኛ ፊት አስጎብኚውን የሚያርም የፓንጋ ነጂ አይተህ ታውቃለህ?»

አላየሁም። የመርከቦቻችን ያልተጻፈ ሕግ ነው። አስጎብኚው ይናገራል፣ ነጂው ይይዛል። ስህተት ቢኖር ማታ ለብቻ ይነገራል እንጂ በእንግዳ ፊት አንዱ ሌላውን አያሳጣም። ጥሩ ሕግ ነው ብዬ አምን ነበር።

«ግን እሱ ብቻም አይደለም» አለ። መርፌውን መረቡ ላይ ሰካው። «ክሌቨር ያቺን ሦስት ሲያነብ እዚያው ነበርኩ። ስትስቅ አይቼሃለሁ፤ ሳቅህ አላማረኝም። ከዚያ ወይዘሮ ኢቬት በሬዲዮ ስትገሥጽህ ሰማሁ። ያን ዕለት ‹እሺ› ስትለው፣ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ፣ በቃ፣ ልጁ አምስቱን ያግኝ አልኩ። እኔ ጠበቅ አድርጌ እይዘዋለሁ አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ከእጄ አምልጦ አያውቅም።»

ከጎረቤት ግቢ ዶሮ ይንጫጫል። ተነሥቶ ጓንቷን ነካ አደረጋት፣ መድረቋን ሊያይ።

«እኔ ወረቀቱን ለሹሙ እሰጣለሁ» አልኩ። «ደብተርዎ ይመለስልዎታል።»

«ያንተ የአስጎብኚነት ፈቃድስ?»

«የኔን እነሱ ያውቃሉ።»

«እንዳትሰጥ አልልህም» አለ። «ስጥ ብዬም አልለምንህም። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ የምታደርገውን አድርግ። ብቻ ስለ እኔ ብለህ እንዳታደርገው። ስለ እኔ ተብሎ የተደረገ ነገር ምን እንዳመጣ አይተናል— አይ፣ ተሳሳትኩ፤ ያ እንኳ ስላንተ ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ምርመራው ጧት አራት ሰዓት ላይ ነበር። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ሹሙ ወጣት መኮንን ሲሆን ሁሉንም ሰው እስኪጨርስ የሚሰማ ሰው ነበር። ካፒቴን ሮልዳን ሪፖርቱን አነበበ። ወይዘሮ ኢቬት ከኋላ ተቀምጣለች። ተራዬ ሲደርስ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ «ካሜራውን እንዲይዝ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። የዶን ኤውስታኪዮ እጅ የላላው ሰውየው በአንድ እጁ ብቻ ስለያዘው ነው» አልኩ። ለምን እንደፈቀድኩም ተናገርኩ። ስለ ሦስቷ ነጥብ ስናገር ወይዘሮ ኢቬት ቦርሳዋን ከፍታ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው።

ሹሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህ ከሆነ» አለ ወደ ዶን ኤውስታኪዮ ዞሮ፣ «የእርስዎ ጉዳይ ይቀየራል። ደብተሩን የያዝነው ባለው ሪፖርት ላይ ተመሥርተን ነው። አንድ ነገር ብቻ ለመዝገቡ ልጠይቅዎት። ሰውየውን ለማውረድ እጅዎን ሲዘረጉ ካሜራው በእጁ እንዳለ አይተዋል?»

«አላየሁም» ማለት ብቻ ነበር የሚበቃው። ሹሙ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ያችን ቃል ይጠብቃል። ካፒቴን ሮልዳን ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። እኔ ዶን ኤውስታኪዮን አየሁት። እንደዚያ ጧት አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ለመቀበል የሚበቃ ጊዜ አየሁት። አፌን አልከፈትኩም፤ በሰው ፊት ነውና።

«ያን ቀን ያልጠየቁኝን አልተናገርኩም» አለ። «ከጠየቁኝ ግን አይቻለሁ።»

«አይተው አወረዱት?»

«አይቼ አወረድኩት።»

ሹሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መልሶ አነሣውና ጻፈ። መጻፉ ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

የእኔ ፈቃድ ለሁለት ዓመት ታገደ። የዶን ኤውስታኪዮ ደብተር አልተመለሰም፤ ዕድሜውም ስለገፋ አዲስ አይወጣለትም ተባለ። ሹሙ ውሳኔውን ካነበበ በኋላ ተነሥቶ እጁን ጨበጠው። በደል ተሠራብን አልልም። ደንቡ በሁለታችንም እጅ ላይ ነበር፤ ሁለታችንም ለቀቅነው። ስናወራም ይህንኑ ነው የምንለው።

ወይዘሮ ኢቬት ደጅ ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«አድራሻዋን አገኘሁልህ» ብላ ቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝ። ሌላ የምትለው ያላት መሰለኝ፤ ግን ሹፌሩ ጠራት።

ጓንቷን ላክን። ዶን ኤውስታኪዮ ደብዳቤ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ምን ልበል ስለው ብዙ አሰበና፣ «ታጥባለች በላት» አለኝ። ሌላ ነገር ጨምሬ ልጽፍ ሁለት ቀን ሞከርኩ። ለዚያ ደግነት አምስት እንደማይገባኝ ለሴትየዋ መንገር ባለባት ኀዘን ላይ ሌላ መጨመር ሆነብኝ። የተላከው ያችው አንዲት ቃል ናት።

አሁን ጧት ጧት ወደቡ ላይ ከእሱ ጋር የዓሣ ሳጥን እናወርዳለን። ባለፈው ሳምንት አረፍ ብለን ሳለ የሌላ መርከብ ፓንጋ መንገደኞቿን ለመጫን ከደረጃው ሥር ቆመች። አስጎብኚው የማላውቀው ልጅ ነው፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል፤ ሰዎቹን በስማቸው ይጠራል። አንድ ሽማግሌ ስልኩን ወደ ፔሊካኖቹ አቅንቶ እየቀረጸ ወደ ጀልባዋ ጫፍ ቀረበ። ነጂው ስልኩን አየ። አስጎብኚውንም አየ። ክንዱን ዘረጋ።

ዶን ኤውስታኪዮ ከሳጥኑ ላይ ብድግ አለ።

«እጅ ባዶ!» ብሎ ጮኸ በዚያችው በሚያውቃት እንግሊዝኛ። «እጅ ባዶ፣ እባክዎ!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። የዓሣ ቅርፊት የለበሰ ሽማግሌ፣ እጆቹን ዘርግቶ። አስጎብኚው ለመንገደኞቹ በዝግታ አንድ ነገር አላቸው፤ ሳቁ። ስልክ የያዘው ሰውዬም እየሳቀ ስልኩን ወደ ዶን ኤውስታኪዮ አዞረና ቀረጸው። ከዚያ በሌላ እጁ የነጂውን መዳፍ ይዞ ተሻገረና ተቀመጠ። ምንም አልሆነም። ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም።

ፓንጋዋ ሄደች። ዶን ኤውስታኪዮ እስክትርቅ ድረስ ቆሞ አያት።

«በል» አለኝ፣ «ያቺን በዚያ ጎን ያዛት።» ሳጥኑን በሁለት በሁለት እጃችን አነሣነው።